ከቃታሞኒም የተሰበሰበ ብረት

አሮጌ ሞተር ሳይክል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር መጀመሪያ የሚጠፋው ከመቀመጫው ሥር የምትቀመጠው የመፍቻ ቦርሳ ናት። ፋብሪካው ሁለት ሦስት መፍቻ፣ አንድ ካቻቪቴ፣ አንድ ፒንሳና የካንዴላ መፍቻ ጠቅልሎ ይሰጣል። የመጀመሪያው ባለቤት ፒንሳውን ለቤት ጉዳይ ያወጣዋል፤ ሁለተኛው የካንዴላ መፍቻውን ለጎረቤት አውሶ ሳይመለስለት ይቀራል፤ ሦስተኛው ባዶውን ቦርሳ ይረከባል። የእኔ ያማሃ ብዙ እጅ አልፎ እኔ ዘንድ ሲደርስ ቦርሳዋም አልነበረችም።

ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር ለሚመላለስ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መንገዱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። እስከ ወረታ ድረስ የፎገራን የሩዝ ማሳ ግራና ቀኝ እያዩ በሜዳ መንዳት ነው። ከወረታ ወዲያ ዳገቱ ሲጀምር ግን ሞተሩም ሰውየውም ይፈተናሉ። ካቴናው ሲላላ፣ የኋላው ጎማ ዳዶ ሲፈታ፣ ካንዴላው ጥቀርሻ ይዞ አልነሣ ሲል ጎሚስታም ጋራዥም በቅርብ አይገኝም። በገበያ በላስቲክ ሣጥን ተደርድሮ የሚሸጠው ርካሽ መፍቻ ብረቱ ልፍስፍስ ስለሆነ፣ ብሎኑ ሳይፈታ የመፍቻው አፍ ይከፈታል። ደህናው ዕቃ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም።

በ2015 ዓ.ም. ትንሣኤን ኢየሩሳሌም ለማክበር ስነሣ ዘመድ አዝማድ መስቀል፣ ጧፍና የዮርዳኖስ ውኃ አምጣልን አለኝ። እኔ ደግሞ የሞተሬን ብሎኖች አንድ በአንድ ለክቼ በማስታወሻ ደብተሬ ጻፍኩ፦ 8፣ 10፣ 12፣ 14፣ 17። የጃፓን ሞተር አብዛኛው አካሉ በእነዚህ ይፈታል። የካንዴላው 21 ነው። የጎማውን ዳዶ ልክ ለብቻው ጻፍኩት፤ እሱ ትልቅ መፍቻ ይፈልጋል። ይህችን ወረቀት ያልያዘ ሰው የዕቃ ገበያ ውስጥ ሲገባ የሚያብረቀርቀውን ሁሉ ይገዛል፤ የሚያስፈልገውን ግን አያገኝም።

ኢየሩሳሌም ውስጥ ያረፍኩት ቃታሞኒም፣ የቤተሰባችን የቆየ ወዳጅ ቤት ነው። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እዚህም እንዲሁ ልጥራቸው። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ተወልደው ያደጉ የቤተ እስራኤል ልጅ ናቸው። አባታቸው ቀጥቃጭ ነበሩ። ጋሼ አገር ቤቱን የለቀቁት ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በተካሄደው የሰለሞን ዘመቻ ነው፤ በ36 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን በተጓጓዘበት። አውሮፕላኖቹ መቀመጫቸው ተነቅሎ ሰው ወለል ላይ የተጫነባቸው ስለነበሩ ጓዝ የሚባል ነገር አልተያዘም። የአባታቸው መዶሻ፣ ጉጠትና ወናፍ ወለቃ ቀሩ። ጋሼ እዚህ ዕብራይስጥ እስኪገባቸው ድረስ ጽዳት ሠሩ፤ ከዚያ ጡረታ እስኪወጡ ታልፒዮት ውስጥ አንድ ጋራዥ ውስጥ ብረት ሲፈቱና ሲያስሩ ኖሩ።

«ከፋሲካችን በፊት ድረስልኝ፤ ያኔ አገሩ በሙሉ ብረቱን ደጅ ያወጣል» ያሉኝ እሳቸው ናቸው። በዚያ ዓመት የአይሁድ ፋሲካ መጋቢት 27 ማታ ይገባ ነበር፤ የእኛው ትንሣኤ ሚያዝያ 8 ቀን ነበር፤ ሙስሊሞቹ ከመጋቢት 14 ጀምሮ ረመዳን ይዘዋል። ሦስቱም በአንድ ከተማ ውስጥ ተገጣጠሙ።

ቃታሞኒም ቱሪስት የሚሄድበት ሰፈር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከሞሮኮ፣ ከኩርዲስታን፣ ከኢራቅና ከሌላም አገር የመጡ አይሁዶች በጊዜያዊ መጠለያ ካምፕ ሲቸገሩ ቆይተው እንዲሰፍሩበት በችኮላ የተሠራ ነው። ሕንፃዎቹ ረጃጅምና ጠባብ ናቸው፤ በአንድ ግድግዳ ላይ ብዙ ደረጃ፣ ብዙ መስኮት፣ ብዙ የተሰጣ ልብስ። በይፋ ስሙ ጎነኒም ቢሆንም በዚያ ስም የሚጠራው ሰው አልገጠመኝም። ኋላም ሩሲያኛ ተናጋሪው መጣ፤ አማርኛ ተናጋሪውም መጣ። በአንድ ደረጃ ላይ የሞሮካውያኑ ዓሣና የእኛ ወጥ ሽታ ይገናኛሉ። በስተምሥራቅ በኩል ትንሽ ሲሄዱ እ.ኤ.አ. በ1892 ከያፋ ወደ ኢየሩሳሌም የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ይገኛል፤ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1998 ቆሞ አሁን የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆኗል፤ ሐዲዱ ግን አልተነቀለም። ጃንሆይ በ1928 ዓ.ም. ለስደት ሲወጡ ከሃይፋ ወደዚህች ከተማ የገቡት በባቡር ነው። ሐዲዱን ተሻግረን ታልፒዮት ስንገባ ጋሼ ይህን ነግረውኝ ዝም ብለው ብዙ ተራመዱ።

የፋሲካ ጽዳት የሚባለውን ያላየ ሰው መገመት አይችልም። ሕጉ እርሾ ያለበትን ሁሉ ከቤት ማውጣት ነው፤ ሰዉ ግን እርሾ ፍለጋ መሳቢያውን ሲያገለብጥ፣ አልጋውን ሲያነሣ፣ ጓዳውን ሲጠርግ ለዓመታት የተከማቸው ሁሉ አብሮ ይወጣል። ቁም ሣጥን፣ ወንበር፣ የተበላሸ ማራገቢያ፣ በቆርቆሮ ጣሳ የታጨቀ ብሎን በየቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ይደረደራል። ከንጋት ጀምሮ ድምፅ ማጉያ የሰቀለ መኪና «አልቴ ዛኽን» እያለ በየመንገዱ ይዞራል፤ አሮጌ ዕቃ ገዢ ነው። ከእኛው ቆራሌው የሚለየው ጆንያውን በመኪና መቀየሩ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቆራሌው የሰበሰበው ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ እዚህም መኪናው የሰበሰበው ወደ አሮጌ ዕቃ ሱቆችና ወደ ያፋው የቁንጫ ገበያ ይሄዳል። ጋሼ ይህን ስለሚያውቁ ከመኪናው ቀድመን እንድንወጣ አደረጉ።

በሁለተኛው ሕንፃ ፊት ለፊት አንዲት አሮጊት የብረት ሣጥን ከደረጃው አውርደው ከግንቡ አጠገብ ሊያኖሩ ሲታገሉ አገኘናቸው። ጋሼ ሮጠው ተቀበሏቸው፤ ይተዋወቃሉ። ሣጥኑ የባላቸው ነው። ባላቸው የከተማ አውቶቡስ ሠራተኛ የነበሩ፣ ከሞሮኮ የመጡ፣ ካረፉ የቆዩ ሰው ናቸው። ልጆቻቸው ርቀው ሄደዋል፤ መፍቻ የሚፈልግ የለም። ክዳኑ ሲከፈት የዘይትና የአሮጌ ብረት ሽታ ወጣ። ሁሉም በየቦታው ነበር፤ መፍቻዎቹ በልካቸው ቅደም ተከተል ተደርድረው፣ እያንዳንዳቸው በትንሹ ዘይት በነካ ጨርቅ ተጠቅልለው። ሰውየው ከሞቱ በኋላም ማንም አልነካውም።

ስንት ብለው እንደሚሸጡት ጋሼ ጠየቁልኝ። አሮጊቷ ሁሉንም በ50 ሼቅል ውሰዱ አሉ። ልቤ ደስ አለው፤ አንዱ የጀርመን መፍቻ ብቻ አዲሱ ከዚያ በላይ ያወጣል። ጋሼ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እማማ፣ ይህ ዕቃ የሠራተኛ ዕቃ ነው፤ 50 ሼቅል የቆርቆሮ ዋጋ ነው» ብለው ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ «200 ስጣት» አሉኝ። ሰጠሁ። አሮጊቷ ገንዘቡን ተቀብለው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እንዳልሸጠው፣ እንድሠራበት። ገበያ ወጥቶ ሻጭ ዋጋ ሲቀንስ ገዢ የሚጨምርበትን ጊዜ ከዚያ በፊት አላየሁም። መንገድ ላይ ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ስጠይቃቸው «ርካሽ የሚባለው ሻጩ የሚያውቀውን ዋጋ ሲቀንስልህ ነው። ሳያውቅ ቢሰጥህ ርካሽ አይደለም፤ ወስደህበታል» አሉኝ።

የዕለቱ ሥራ ግን ገና ነበር። ቤት ገብተን ሣጥኑን ምንጣፍ ላይ ዘረጋነው። ጋሼ መፍቻዎቹን አንድ በአንድ አንሥተው የድንጋይ ደረጃው ላይ በቀስታ ጣል ያደርጉና ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። ጥሩ ብረት ይጮኻል፤ ድምፁ ረዥም ነው። ልፍስፍሱ ግን ጠብ ብሎ ይቀራል። አባታቸው ማረሻ ሲቀጠቅጡ ብረቱ መብሰሉን በቀለሙ፣ መጠንከሩን በድምፁ ያውቁ ነበርና ጆሮው ከዚያ የመጣ ነው። ቀጥሎ ሞረድ አንሥተው የመፍቻውን አፍ በስሱ ይፍቃሉ፤ ሞረዱ ከተንሸራተተ ብረቱ በደንብ የጠነከረ ነው፤ ከነከሰ ለቤት ሥራ እንጂ ለሞተር አይሆንም። ከዚያ አፉን በብርሃን አቅጣጫ ያያሉ። የሠራ መፍቻ የአፉ ጠርዞች ተላጭተው ክብ ይሆናሉ፤ እንዲህ ያለው የብሎኑን ራስ ይበላል። ቡሶላዎቹን ደግሞ ባለ ስድስት ማዕዘኑን ወደ ቀኝ፣ ባለ አሥራ ሁለቱን ወደ ግራ ለዩ። ባለ ስድስቱ የብሎኑን ጎን በሙሉ ስለሚይዝ ዝገት የበላውን ብሎን እንኳ ሳያሞልጭ ይፈታል። ለሞተር የምይዘው እሱን ነው።

ከመካከላቸው አንድ መፍቻ እጄ ላይ ቆየች። በአንድ ጎን 12፣ በሌላው 14 ናት፤ ለእኔ ያማሃ የተሠራች ያህል። ቀለሟ ግራጫ፣ ጌጥ የሌላት፣ ከበድ ያለች። በሆዷ ላይ በሩሲያ ፊደል የሶቪየት ኅብረት ፋብሪካ ምልክትና ዋጋዋ በኮፔክ ተቀጥቅጦ ተጽፏል። በዚያ አገር ዋጋ በየሱቁ ስለማይለያይ ብረቱ ላይ ማተም ይችሉ ነበር። ሞሮካዊው የአውቶቡስ ሠራተኛ ከየት አገኟት? ጋሼ እንደሚገምቱት እ.ኤ.አ. ከ1989 ወዲህ ከፈረሰው ሶቪየት ኅብረት ከመጣው ወደ አንድ ሚሊዮን ከሚጠጋ ሕዝብ አንዱ ጎረቤት ሰጥቷቸው ይሆናል። እኔ ግን ይህችን መፍቻ አውቃታለሁ። ምናለሽ ተራ ከላዳና ከኡራል ጋር በደርግ ዘመን የገቡ እህቶቿ ዛሬም ይሸጣሉ፤ የእኛም መካኒኮች ይወዷቸዋል። አንድ ፋብሪካ የሠራት ዕቃ አንዷ በመርከብ አሰብ ደርሳ መርካቶ ገባች፤ ሌላዋ በስደተኛ ሻንጣ ቃታሞኒም ገባች።

ታልፒዮት ከቃታሞኒም በእግር የሚደረስ የጋራዥና የመጋዘን ሰፈር ነው። በየመንገዱ ጎማ ቤት፣ ቀለም ቤት፣ የብረት ዕቃ መደብር፣ አሮጌ ልብስና ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ተያይዟል። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ስለሚዘጋ ማለዳ መግባት ይሻላል፤ ያኔ ሻጩም ሰንበት ሳይገባ ዕቃውን ማቅለል ይፈልጋል። ከሣጥኑ የጎደለኝ ካቻቪቴ ነበር፤ እሱም ተራው አይደለም። የጃፓን ሞተር ላይ ያለው መስቀለኛ ብሎን ከሌላው ጋር አንድ ይመስላል፤ ቀዳዳው ግን በጥቂት ይለያል። ተራ ካቻቪቴ ሲገባበት ተገፍቶ ይወጣና የብሎኑን ራስ ይልጠዋል። የካርቡራቶሬ ሳህን ብሎኖች ተልጠው ያየ ሁሉ ምክንያቱ ይህ መሆኑን አይጠረጥርም፤ መካኒኩን ይራገማል። ለጃፓን ብሎን የተሠራ ካቻቪቴ ባለ አሮጌ ዕቃው ዘንድ ከተራዎቹ ጋር በአንድ ባልዲ ውስጥ፣ በአንድ ዋጋ ተቀላቅሎ አገኘሁት። እዚህ ላይ ደስ ብሎኝ ገዛሁ፤ ሻጩ ዕቃ ሲሸጥ ያደገ፣ ዋጋውን የሚቆርጥ ነጋዴ ነውና።

ያልገዛሁትንም ልናገር። ብሎን በልኩ ለማጥበቅ የሚያገለግለው ቶርክ የሚባለው መፍቻ በግማሽ ዋጋ ነበር፤ ተውኩት። ውስጡ ስፕሪንግ ነው፤ ባለቤቱ ሳያላላ ለዓመታት አስቀምጦት ከሆነ የሚያሳየው ቁጥር እውነት አይደለም፤ ይህን ደግሞ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ማወቅ አይቻልም። የጎማ ማጣበቂያ ሙጫ በርካሽ ነበር፤ ቱቦው ደርቋል። በአንድ ሱቅ በር ላይ ደግሞ ሄልሜቶች ተሰቅለው ነበር፤ የሚያማምሩ፣ የታወቁ ስሞች ያሏቸው፣ ዋጋቸው የአዲሱ ሩብ። ወጣቶች እየሞከሩ ነበር። ሄልሜት ውስጡ ያለው ነጭ አረፋ አንድ ጊዜ ግጭት ከተቀበለ ይጨመቃል፤ ሁለተኛ አይሠራም። ከውጭ ግን ምንም አይታይበትም። ያገለገለ ሄልሜት መግዛት የሰው ውድቀት መልበስ ነው። ጓንትና ጃኬት ስፌቱ ካልተተረተረ አሮጌው ይበቃል፤ እኔም ክርኑ ላይ መከላከያ ያለው ጃኬት በጥሩ ዋጋ ወስጃለሁ። በጭንቅላት ነገር ግን ገንዘብ መቆጠብ አይቻልም። በዚህ ጉዳይ የሚከራከረኝን ሰው አልሰማም።

ከደማስቆ በር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲሄዱ ዋዲ አል ጆዝ የሚባል የፍልስጤማውያን ጋራዥ ሰፈር አለ። የከተማው ማዘጋጃ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 በቦታው የቴክኖሎጂ ሕንፃዎች ለመሥራት ዕቅድ ይፋ ስላደረገ ጋራዦቹ ስጋት ላይ ወድቀው ነበር። ወደዚያ የሄድኩት የካንዴላውን 21 ቡሶላ ፍለጋ ነው፤ ውስጡ ካንዴላውን ይዞ የሚያወጣ ጎማ ያለው። አንድ ሽማግሌ መካኒክ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት መካከል አወረዱልኝ። ረመዳን ስለሆነ እሳቸው ጾመዋል፤ ሁዳዴ ስለሆነ እኔም ከቁርስ ታቅቤያለሁ፤ ስለዚህ ቡና ሳይቀርብ፣ ሁለታችንም ደረቅ አፍ ይዘን ዋጋ ተነጋገርን። ሞተሩ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቁኝ። በእጅ ምልክትና በተሰበረ እንግሊዝኛ ባለ ሁለት ምት መሆኑን ሳስረዳቸው ፈገግ አሉ፤ ወጣትነታቸው ላይ የነበረች ሞተር ትዝ አለቻቸው መሰለኝ፤ ካንዴላ የሚጠርጉበት የሽቦ ብሩሽ ጨምረው ሰጡኝ። ለብሩሹ ገንዘብ አልወሰዱም።

ከዋዲ አል ጆዝ ስመለስ የመፍቻ ከረጢቴን እንደያዝኩ ወደ ኢትዮጵያ መንገድ ወጣሁ። ጠባብ ናት፤ ግራና ቀኝ የድንጋይ አጥር፣ ከአጥሩ በስተጀርባ ጥድ። በመካከሏ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ክብ ሆና ቆማለች፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ያስጀመሯት፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1893 የተፈጸመች። ሆሳዕና ተቃርቦ ስለነበር ከየአገሩ የመጡ ተሳላሚዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ግቢውን ሞልተውታል። ተሳልሜ ወጥቼ ወደ ነቢያት ጎዳና ስወርድ በአቅራቢያው ያለውን የኮንራድ ሺክን ቤት ቆሜ አየሁት። ሰውየው ጀርመናዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1846 ወደ ኢየሩሳሌም መጥቶ እስከ 1901 ሞቱ ድረስ ኖሮባታል። በኋላ በሕንፃ ነዳፊነትና በከተማዋ ጥናት ስሙ ገነነ እንጂ ሲመጣ መካኒክ ነበር፤ ለብዙ ዓመታትም ወጣቶችን የእንጨት ሥራ ያስተምር ነበር። ቤቱን ታቦር ብሎ ሰየመው።

እኔ ከደብረ ታቦር ጎን የመጣሁ ሰው በዚህ በር ፊት ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሺክን የላከው በባዝል አጠገብ የሚገኘው የክሪሾና ሚስዮን ነው። ያው ሚስዮን በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የእጅ ባለሙያዎችን ወደ ኢትዮጵያ ላከ፤ ሐሳቡን ያመነጩትና ያስተባበሩት ደግሞ እዚሁ ኢየሩሳሌም ተቀምጠው የነበሩት ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ናቸው። ጎባት ራሳቸው ቀደም ሲል ጎንደር የኖሩ፣ አማርኛ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ወንጌሉን ከመዶሻ ጋር ላኩት። አፄ ቴዎድሮስ ከወንጌሉ ይልቅ መዶሻውን ፈለጉ፤ ባለሙያዎቹን ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት አሰፍረው መድፍ ሥሩ አሏቸው። አናውቅም ቢሉም አልተለቀቁም፤ ሞክረው፣ አበላሽተው፣ ደግመው ሞክረው በመጨረሻ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አቀለጡ። ከእነሱ ጋር መድፍ ያቀለጠው ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆል ከመቅደላ በኋላ መጥቶ የሰፈረው ያፋ ነው፤ የአሮጌ ዕቃው ገበያ ባለበት ከተማ። የጋፋት መንገድ በሞተር ያለፍኩት መንገድ ነው፤ የጎማ ዳዶ ላልቶብኝ በሰው መፍቻ ያሰርኩት በዚያ አካባቢ ነው።

ይህን ሁሉ ማታ ለጋሼ ስተርክላቸው ጸጥ ብለው ሰሙኝና አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ «ቴዎድሮስ ቀጥቃጭ ፍለጋ ለምን ባሕር ማዶ ሄደ? ወለቃ ከጎንደር ከተማ ሥር ነች።»

ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ አልነበረኝም። ከምድጃው አጠገብ ዕድሜያቸውን የፈጁት የቤተ እስራኤል ቀጥቃጮች ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ጦሩን ለአገሬው ሁሉ ሲሠሩ ኖረዋል። ርስት ስለማይፈቀድላቸው ኑሯቸው በእጃቸው ሥራ ላይ ነበር። ቀን ማረሻውን የገዛቸው ገበሬ ማታ ቡዳ ይላቸዋል፤ ልጁ ሲታመም ዓይናቸውን ይፈራል። ማረሻው ከሌለ እህል እንደሌለ እያወቀ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ይከፍላል፤ ሰውየውንም ዝቅ አድርጎ ያያል። ጋሼ አባታቸው ለገበያ የወሰዱትን ማረሻ በእፍኝ እህል ሽጠው ሲመለሱ ያዩ ልጅ ናቸው። ለአሮጊቷ 200 ሼቅል ያስከፈሉኝ ለምን እንደሆነ ያን ማታ ገባኝ። ንጉሡ የእጅ ሥራን ማክበራቸው እውነት ነው፤ በሠራተኞቹ መካከል ሆነው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር ይባላል። ግን ክብሩ ወለቃ ድረስ አልወረደም። ለእኔ ከሴባስቶፖል ክብደት ይልቅ ይህ ይከብደኛል፤ ትምህርት ቤቶቻችን ስለ ጋፋት ሲያስተምሩ ስለ ወለቃም በዚያው ገጽ ቢያስተምሩ እወዳለሁ።

ሻንጣዬን ሳስር መስቀሉንና ጧፉን ከላይ፣ ብረቱን ከታች አደረግሁ። መፍቻ በእጅ ሻንጣ አይፈቀድም፤ ሁሉም ከሚጫነው ጋር መሄድ አለበት። ብረት ስለሚከብድ ከሣጥኑ የመረጥኩትን ብቻ ወሰድኩ፤ ከወረቀቴ ጋር የማይገናኘውንና ሣጥኑን ራሱን ለጋሼ ተውኩላቸው። አሮጊቷ እንዳትሸጠው ያሉት ቃል እንዲህ በሁለት ተከፍሎ ተጠበቀ፤ ግማሹ ቃታሞኒም ደረጃ ሥር የጎረቤት ቧንቧና ብስክሌት ይፈታል፤ ግማሹ የወረታን ዳገት ይወጣል።

ኢየሩሳሌም ድረስ መሄድ ግን ግዴታ አይደለም። ያው ብረት፣ ያው የሶቪየት መፍቻ፣ ያው የጀርመን ቡሶላ መርካቶ ውስጥ አለ። ለመለዋወጫ ሶማሌ ተራ፣ ለመፍቻና ለቀጥቃጭ ሥራ ምናለሽ ተራ ሂዱ። የሞተራችሁን ብሎን ልክ ጽፋችሁ ያዙ፤ ድንጋይ ላይ ጣል አድርጋችሁ አዳምጡ፤ ሞረድ ይዛችሁ ፈትኑ፤ ባለ ስድስት ማዕዘኑን ምረጡ። ሄልሜት አዲስ ግዙ። የጎማ ማላቀቂያ ብረት ከውጭ የመጣውን በውድ መግዛት አያስፈልጋችሁም፤ ቀጥቃጮቹ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ያወጡላችኋል፤ ያ ብረት አይታጠፍም። የምትፈልጉትን ርዝመትና ውፍረት በወረቀት ስላችሁ አሳዩዋቸው፤ እስኪያልቅ ቁሙና እጃቸውን ተመልከቱ፤ የጠየቋችሁን ሙሉ ዋጋ ክፈሏቸው።